ጥያት የመጣሁት ልጅ

እናቴ እንግሊዝኛ መማር ስትጀምር እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ማንም አልነገረኝም። ያወቅሁት ደብተር ገዝታ ስትገባ አይቼ ነው፤ ባለ ሃምሳ ሉክ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት።

«ለእኔ ነው?» አልኳት።

«የእኔ ነው» አለችና ከታጠፈው ብርድ ልብስ ስር ከተተችው።

እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴ ሁሪያ የራሷ ደብተር ኖሯት አይቼ አላውቅም።

ዘመኑ 1997 ነው። የምንኖረው መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቅ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ ጀላሉ ልብስ ሰፊ ነው። ከወሎ ይዞት በመጣው የስፌት መኪና፣ መንገድ ዳር ባለች አንድ በር ሱቅ ውስጥ የተማሪ ሱሪ ሲያሳጥርና ዚፕ ሲቀይር ይውላል። እናቴ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። ከእኛ ክፍል በኮምፔርሳቶ ብቻ በተለየችው ክፍል ደግሞ ኣርሴማ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትኖር ነበር። የዓዲግራት ልጅ ናት፤ የምታጠናው እንግሊዝኛ ነው። ረጅም፣ ችኩል፣ በአማርኛዋ መሃል ትግርኛ ጣል የምታደርግ። የበሯን ጀርባ ጥቁር ቀለም ቀብታ ሰሌዳ አድርጋው ነበር።

እናቴ የአስር ሶላቷን እንደሰገደች ደብተሯን በሻሿ ሸፍና ወደ ኣርሴማ ክፍል ትገባለች። እኔን «ውጪ ተጫወቺ» ትለኛለች። እኔ ግን ቤት ገብቼ ጆሮዬን ኮምፔርሳቶው ላይ እለጥፋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ኣርሴማ እናቴን አንቱ ስትላት ሰማሁ።

«አንቱ አትበይኝ፤ እንዲህ አላረጀሁም» አለች እናቴ።

«ዋይ እትየ ሁሪያ! እሺ በቃ፣ ኣንቺ። በኣማርኛ ‹ትናንት የመጣችው ልጅ› እንላለን ኣይደል? የሆነችው ይቀድማል፣ ልጅቷ መጨረሻ ትመጣለች። እንግሊዝኛ ልጅቷን ነው ኣስቀድሞ የሚጠራት። ዘ ገርል። ከዚያ ‹ሁ› ይልና የሆነችውን ይነግርሻል።»

ጠመኔው በሩን ሲፍቅ ተሰማኝ።

«ታዲያ ምን እንደሆነች ሳይሰማ ስሟን ጠርቶ ያቆማታል?» አለች እናቴ።

«ኣዎ። ያቆማታል።»

«ይከብዳል» አለች እናቴ።

እኔ የከበዳት እንግሊዝኛው መሰለኝ።

በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው የሙሚና እናት ቤይሩት ነበረች። ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ ሙሚና የእናቷን ድምፅ የምትሰማው በጎረቤት ስልክ ነው።

«ከመሄዷ በፊት ምን ታደርግ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

ሙሚና አሰበች። «አረብኛ ትማር ነበር። ውሃ አምጪ፣ ልጁን እጠቢ፣ እሺ እመቤቴ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ወጥቼ የእናቴ ጫማ በር ላይ መኖሩን አይቼ እመለሳለሁ። ገበያ ስትሄድ እከተላታለሁ። ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ላይ እቆማለሁ። «ምን ሆነሽብኝ ነው አንቺ ልጅ?» ትለኝ ነበር። እኔም «ምንም» እላለሁ፤ እሷም እኔም እየተደባበቅን ከረምን።

ሌላ ቀን ደግሞ ትምህርቱ ‹ስቶፕ› በሚለው ግስ ላይ ነበር። ኣርሴማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታስረዳ ለእኔ የምታስተምረኝ ያህል ይሰማኛል። «ስሚኝ፣ ይቺ ግስ ተንኮለኛ ናት። ከኋላዋ ‹ኢንግ› ያለው ግስ ከመጣ፣ ያንን ነገር መተው ነው። ስቶፕድ ቶኪንግ፣ ማውራቷን ተወች። ‹ቱ› ከመጣ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ስቶፕድ ቱ ቶክ፣ ለማውራት ቆም ኣለች። ገባሽ?»

«‹መፈለጌን ትቼ አላውቅም› ለማለት የቱ ነው?» አለች እናቴ።

«በኢንግ። ሉኪንግ።»

«በቱ ብለው ምን ይሆናል?»

ኣርሴማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «‹ልፈልግ ብዬ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላውቅም› ይሆናል።»

እኔ በበኩሌ እናቴ የምትፈልገው ሥራ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

ነገሩ የለየለት ግን በሚያዝያ ወር ነው። እናቴ አንድ አረፍተ ነገር ይዛ እየደጋገመች ስታነብ ሰማኋት። «ዘ ገርል ሁ አይ ሌፍት።» ኣርሴማ ታርማታለች፤ «ሁም በይ፤ ሲጻፍ ሁም ነው የሚያምረው።» «ዘ ገርል ሁም አይ ሌፍት። ዘ ገርል ሁም አይ ሌፍት።»

ሌፍት ማለት ለእኔ ግራ ነው። ጠዋት ጠዋት ‹ሌፍት፣ ራይት› እያልን ነው የምንሰለፈው። ግራ የሆነች ልጅ? በማግስቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችንን ሌላ ትርጉም እንዳለው ጠየቅሁት።

«አለው» አለ። «ሊቭ ለሚለው ግስ ኃላፊ ጊዜ ነው። ትቶ ሄደ፣ ጥሎ ሄደ።»

ጥያት የሄድኩት ልጅ። በቤታችን ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበረም።

ዛሬ ሳስበው አስተማሪው ኃላፊ ጊዜ ብሎኝ ነበር፤ መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር። እኔ ግን የሚመጣውን ስፈራ ያለፈውን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት አባቴ ሱቅ ውስጥ ሰማያዊ ቀሚስ ሲሰፋ ደረስኩበት። ሲያየኝ ሌላ ጨርቅ ጣል አደረገበት። ለምሳ ሲወጣ ገልጬ ለካሁት። እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ተንጠለጠለ፣ ጫፉ መሬት ነካ። አለቀ አልኩ። እሷ በሌለችበት ዓመት የማድግበትን ልብስ እያዘጋጁልኝ ነው። አባቴም አብሮ መክሯል ማለት ነው።

ደብተሩን የወሰድኩት ያን ቀን ከሰዓት ነው። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ከብርድ ልብሱ ስር መዝዤ፣ በሹራቤ ጠቅልዬ ከግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ገባሁ፤ ወደ ጉድጓዱ ለቀቅሁት። ደብተር ከሌለ ቋንቋ የለም፣ ቋንቋ ከሌለ መሄድ የለም። ድምፁን እስኪሰማኝ ጠብቄ ወጣሁ።

እናቴ ስታጣው ብርድ ልብሱን አራገፈች፣ ሳጥኑን ገለበጠች፣ ከአልጋው ስር በደረቷ ተኝታ ፈለገች። እኔን «አይተሻል?» አለችኝ። አላየሁም አልኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ ቀረች። እንደዚያ ሆና አይቻት ስለማላውቅ ትመታኛለች ብዬ ከፈራሁት በላይ ፈራሁ።

በሽፋኑና በመጨረሻው ሉክ መካከል የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ እንደነበረ አላውቅም ነበር። እናቴ የነበራት እሱ ብቻ ነው። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ሆኜ ያደረግሁትን ስናዘዝላት ነው። «ያኔም አውቄያለሁ» አለችኝ። «ስትዋሺ ጆሮሽ ይቀላል። ግን ምን ልበልሽ? ማን እንደሆነች ሳልነግርሽ ፎቶዋን ጣልሽብኝ ልልሽ ነው?» ሊነግሩኝ ያልፈለጉት ልጅቷ ትምጣ አትምጣ እርግጠኛ ስላልነበሩ ነው። አባቴ ነው «ቀርታ እንደሆነ ፊርዶስ አብራን አትሰበር» ያለው፤ ፊርዶስ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ግን በማግስቱ እናቴ ሌላ ደብተር ገዛች። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ በቃሏ፣ አንድ በአንድ ጻፈችው። ኣርሴማ በግድግዳው ማዶ «ኣጆኺ፣ ኣይዞሽ! ሁሉንም ይዘሽዋል!» ስትል ሰማሁ። ያኔ ምንም ባደርግ እንደማላስቀራት ገባኝ።

ሐምሌ ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ኣርሴማም ፈተናዋን ጨርሳ ለክረምቱ ዓዲግራት ሄደች። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ገላዋን ታጠበች፣ ሂና የነካ እጇን ደጋግማ አየች፣ ለዒድ የምትለብሰውን ለበሰች። አባቴ የጁምዓ ልብሱን ለብሶ ታክሲ ይዞ መጣ። እናቴ አቀፈችኝ። በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰችና እንደገና አቀፈችኝ።

«ኣደይ ለተመድህን ጋ ሁኚ። ቶሎ እንመጣለን።»

ኣደይ ለተመድህን የግቢው ባለቤት ናቸው። በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«የት ሄዱ?» አልኳቸው።

«ኤርፖርት፣ ጓለይ።»

ምስሩን የያዘውን ሰፌድ ዘልዬው ወጣሁ። ኣደይ ለተመድህን ከኋላዬ ሲጣሩ ይሰማኛል፤ ጭቃው ጫማዬን አንዱን አስቀረው፣ አልተመለስኩም። በኤርፖርቱ በኩል የሚሄደው፣ «ኩሓ! ኩሓ!» የሚባልለት ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ወያላው አንድ እግሬን ባዶ አይቶ «ማን ነው የያዘሽ?» አለ። «እናቴ ቀድማኝ ሄዳለች» አልኩት። ውሸት አልነበረም። አንዲት ሴት ጭናቸው ላይ አስቀመጡኝ። እስክንደርስ ድረስ ባዶ እግሬን በእጃቸው ይዘውት ነበር።

አሉላ አባ ነጋ ኤርፖርት ስደርስ አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ቆሟል። ደረጃው ተዘርግቷል። ሰው እየወረደ ነበር፤ እኔ ግን አውሮፕላን ካየሁ የሚታየኝ የሚሳፈር ሰው ብቻ ነው። እናቴ ከመውጫው በር ፊት ለፊት ካለው ብረት ጋ ቆማለች። በሰው እግር መሃል ሾልኬ ቀሚሷን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«አትሂጂ! እንግሊዝኛውን ሰምቼዋለሁ! አትሂጂ!»

ሰው ዞሮ አየን። አባቴ አነሳኝ፤ ቀሚሷን አልለቅም ብዬ አብሬ ሳብኳት።

«ያ አላህ፣ የት ትሄዳለች ብለሽ ነው?» አለ አባቴ። «ኧረ አብሽሪ! ማንም አይሄድም። እየመጣ ነው እንጂ ሰው!»

እናቴ አልሰማችንም። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ቀጭን ልጅ ወጣች፤ ጂንስ ለብሳ፣ ጀርባዋ ላይ ከእሷ የሚበልጥ ሻንጣ አዝላ፣ ፀጉሯ በግማሽ በሻርፕ ተሸፍኖ። የእናቴ ግንባር ነበራት። ግንባሩን ሳየው መጮሄን ተውኩ፤ እናቴን ከሌላ ሰው ላይ ያየሁ መሰለኝ።

ልጅቷ መጥታ ከብረቱ ማዶ ቆመች። እናቴ ለስድስት ወር አረፍተ ነገር ስታጠና ከርማለች። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ሃው ዋዝ ዩር ትሪፕ?» የሚል ነው፤ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ።

«ፋይን» አለች ልጅቷ።

በታክሲው ውስጥ በመካከላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ ከፊት ወንበር ዞሮ «ኢህሳን ትባላለች» አለኝ። «የእናትሽ ልጅ ናት። የመጣችው ከአውስትራሊያ ነው።» የእናትሽ ልጅ ሲለኝ ሌላ ሰው ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ግማሽ መንገድ ፈጀብኝ።

ኢህሳን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አማርኛ አታውቅም። ሰማያዊው ቀሚስ ጠበባት፤ አባቴ የሰፋው ከፎቶው ገምቶ ነበር፣ ፎቶው ደግሞ ከተነሳ ቆይቷል። ሁለት ቀን ሙሉ ከእናቴ ጋር ‹ቲ?›፣ ‹የስ›፣ ‹ኮልድ?›፣ ‹ኖ› ተባባሉ። እናቴ ሳህን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ እንደገና ታነሳለች። ኢህሳን መስኮቱ ጋ ቆማ ዝናቡን ታያለች። እኔ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስዞር አንገቴን ያመኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከቁርስ በኋላ ኢህሳን ከሻንጣዋ ሁለት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንዱ በታይፕ የተጻፈ ነው። ሌላው በእጅ፣ በትልልቅ ፊደል። በእጅ የተጻፈውን በጣቷ መታ አደረገችና «ሁ ሮት ዚስ?» አለች። ማን ጻፈው ማለቷ ለእኔም ገባኝ።

«ሚ» አለች እናቴ።

ኢህሳን ራሷን ነቀነቀች። አላመነችም።

የታይፑን ደብዳቤ ያጻፈችው እናቴ ነበረች፤ ሰዎች ሲፈልጉ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰው ዘንድ ሄዳ። ፍለጋዬን ትቼ አላውቅም በልልኝ አለችው። እሱም ‹ቱ ሉክ› ብሎ ጻፈ። ከአውስትራሊያ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ‹ልትፈልጊኝ አንድም ቀን ቆም ብለሽ አታውቂም። አሁን ለምን ቆምሽ?› ከመልሱ ጋር ፎቶግራፍ ነበረበት፤ እህቴ ለምን እንደላከችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እናቴ ያንን መልስ ይዛ ነበር የኣርሴማን በር መጀመሪያ ያንኳኳችው። ሁለተኛውን ደብዳቤ ማንም እንዲጽፍላት አልፈለገችም። ይህን ሁሉ አባቴ ነው ኋላ የነገረኝ።

ያን ጠዋት ያየሁት እናቴ የታይፑን ወረቀት ወደ ራሷ ስባ እስክሪብቶ ስታነሳ ነው። ‹ቱ ሉክ› የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከላዩ በትልልቅ ፊደል ‹ሉኪንግ› ብላ ጻፈች። የመጨረሻው ፊደል ጅራቱ ረዘመ። ወረቀቱን መልሳ ገፋችላት። ኢህሳን አንዱን ጽሕፈት ከሌላው እያስተያየች ብዙ ቆየች። የአንድ ሰው እጅ ነበር።

ከዚያ «ዋይ ዲድ ዩ ሊቭ ሚ?» አለች።

እናቴ በእንግሊዝኛ ጀመረች። «ዘ ገርል…» አለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጠፋት። እንደገና «ዘ ገርል…» አለች። እጇን አወናጨፈችና በአማርኛ ሄደች፤ ያውም በወሎኛዋ፣ ሳትቆም።

ሁሉንም የሰማሁት ያኔ ነው። በ1983 አሰብ ትኖር ነበር፤ የመጀመሪያ ባሏ ሙነወር ወደብ ላይ ይሠራል። በሚያዝያ እናቷ፣ አያቴ፣ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ ሞተች። ኢህሳን ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ትኩሳት ይዟት ስለነበር ለአባቷ እናት ሰጥታት ለሰባት ቀን ለቅሶ ወጣች። ስትመለስ መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቷል። አሰብ የደረሰችው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ቤቱ ባዶ ነበር። ጎረቤት ‹በጀልባ ወደ የመን ተሻግረዋል› አላት። ከዚያ ወዲያ ባገኘችው ሰው ሁሉ ስታስጠይቅ አሥራ አራት ዓመት ሆነ፤ በመጨረሻ አሰብ ሳለች የምታውቃት ሴት ናት ከጅዳ ደውላ የአውስትራሊያውን አድራሻ የነገረቻት።

ኢህሳን አንድም ቃል ሳይገባት እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቴል ሚ።»

እንደ አራተኛ ክፍል ተማሪ ነገርኳት። ማም ማዘር ዳይ። ማም ጎ፣ ሰቨን ዴይ። ዋር። ሮድ ክሎዝ። ማም ካም፣ ዩ ኖ። ቦት። አንድም ሕግ አልጠበቅሁም፤ ኣርሴማ ብትሰማኝ ታለቅስ ነበር። ኢህሳን ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ስትገልጠው ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ሾው ሚ» አለች።

«አሳዪኝ ትላለች» አልኳት ለእናቴ።

በማግስቱ አራታችንም ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ወደ ሐይቅ ወረድን። አባቴ ሱቁን ዘጋ። የአያቴ መቃብር በድንጋይ የተከበበ ሣር ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። ኢህሳን ፈልጋ ያጣችው ጽሑፍ ያለ ይመስል ዞረችው። ያን ጊዜ የአያቴ ጎረቤት የነበሩ አሮጊት በበትር እየተደገፉ መጡና እናቴን አቅፈው ጮኹ። ለኢህሳን በአማርኛ ይነግሯታል፤ እኔ በእንግሊዝኛዬ እሰባብረዋለሁ።

«በሰባተኛው ቀን እቃዋን ይዛ ወጣች። በስምንተኛው ተመለሰች፤ ወታደሮች መልሰዋት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ላይ ነው የምትውል። ያለፈውን መኪና ሁሉ እያስቆመች ‹አሰብ ትደርሳለህ?› ትላለች። ወተቷ እንኳ አልደረቀም ነበር፤ እያለበችው ነው የከረመችው፤ ልጄ ስመለስ ትጠባለች እያለች። ሦስት ዓመት ያለፋት ልጅ!»

ወተት እስከሚለው ደረስኩ። ‹ማም ሚልክ፣ ዌይት ዩ› አልኩ። ኢህሳን እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ማንም አላናገራትም። እናቴ ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች፤ አልቀረበቻትም፣ አልሄደችም።

በመልሱ ጉዞ ኢህሳን አውቶቡሱ ውስጥ ቀድማ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ልቀመጥ ስል አንገቷን ነቀነቀችና እናቴን በዓይኗ ጠራቻት። ከአባቴ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። አላማጣ ላይ ወደ ተራራው መውጣት ስንጀምር የኢህሳን ራስ በእናቴ ትከሻ ላይ ወደቀ። ዛሬ እህቴ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በየክረምቱ ባይሆን በየሁለት ክረምቱ ትመጣለች፤ እናቴን በስልክ ስታናግራት አማርኛዋ የሜልበርንና የወሎ ድብልቅ ነው። ያን ቀን ግን አስቤ የማላውቀው ቅናት ያዘኝ። ስድስት ወር ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል የጠበቅኋት እናት ከፊቴ ሁለት ወንበር ርቃ ተወሰደችብኝ።

ማይጨው ላይ ሾፌሩ ለምሳ አቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ። እናቴና ኢህሳን አልወረዱም። ከውጭ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ኢህሳን አፏን ከፍታ ተኝታለች። መስታወቱን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። እናቴ አየችኝና ራሷን ብቻ ቀስ አድርጋ ነቀነቀች፤ አታንኳኪ። ክንዷን ከአላማጣ ጀምሮ አላንቀሳቀሰችውም።

«ነይ፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ አባቴ ከሙስሊም ምግብ ቤቱ በር ላይ ሆኖ።

ገባሁ። ዳቦ በእንቁላል በላን። ስንጨርስ አስተናጋጁን ለሁለት ሰው እንዲጠቀልልልኝ ጠየቅሁት።

«ለማን ነው?» አለኝ ወረቀቱን እየዘረጋ።

«ለእናቴና ለእህቴ» አልኩት።

እህቴ የሚለውን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ሰምቶኛል፤ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ጥቅሉን ተቀብሎ ትኩሱን በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ።